ሁለት ስንዝር ክር

ሰም በሸተተኝ ቁጥር እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያዩኝ ሰዎች ማተቤን የምዳብስ ይመስላቸዋል፤ አንዲት አሮጊት እንዲያውም «ተባረኪ ልጄ» ብለውኛል። እኔ ግን የምዳብሰው በዚያ ክረምት አንገቴ ላይ የተበጠሰውን ዶቃ ነው። ባለፈው እሑድ ደግሞ ልጄ የዶቃ አምባር መሥሪያ ተገዝቶላት፣ አራት ዓይነት ክር ምንጣፍ ላይ ዘርግታ «እማ፣ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?» ብላ ስትጠይቀኝ ሳቄ አመለጠኝ። ለጀማሪ የሚሻለውን ክር የእኔን ያህል በመከራ የተማረ ሰው ያለ አይመስለኝም። እንዴት እንደተማርሁት ግን ለእሷ መንገር አልችልም፤ ሄዳ ለአያቷ ትነግርብኛለች። እናቴ ነገሩን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ክፍል ያለፍሁበት ክረምት ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ ይወርዳል፤ ዋናው መንገድ ላይ ባጃጆቹ ጭቃ ይረጫሉ፣ የጋሪ ፈረሶቹ ጭራቸውን ወትፈው ይቆማሉ። አባቴ ያን ዓመት ሥራው ሽንዲ ነበር። እናቴ ቢሮ ትውላለች። እኔ ብቻዬን ቤት እውላለሁ። ስሜ ትዕግስት ነው፤ ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ገና ስላላወቁኝ አልፈርድባቸውም።

እናቴ ከእናቷ የወረሰችው ዶቃ ነበራት። ቀይና ቢጫ የመስታወት ፍሬዎች ናቸው፣ መሐላቸው ላይ አንዲት የብር ጌጥ አለች። ከዓመት በዓልና ከሠርግ በቀር አታደርገውም፤ ቁምሳጥኑ አናት ላይ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጠዋት ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድሁት፤ ለአንድ አፍታ ብቻ። መስታወቱ ፊት ቆምሁ። ቆንጆ ነበርሁ። እንዲህ ቆንጆ ሆኖ ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ያሳፍራል፤ ትንሽ እስክስታ ልሞክር ብዬ ትከሻዬን ሁለት ጊዜ እንደነቀነቅሁ ዶቃው በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ሆኖ ወለሉ ላይ ወረደ።

በሩ ክፍት ነበር። ዝናቡን ሸሽታ የገባችው ገብስማ ዶሯችን የወረደላትን ሲሳይ እያየች ቆማለች። «እሽ!» ከማለቴ በፊት አንዲት ቀይ ዶቃ ለቀም አድርጋ ዋጠች። ከዚያም አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየችኝ፤ ሌላ ካለ ብላ መሰለኝ።

ሌሎቹን ከአልጋ ሥር፣ ከምጣዱ ጀርባ፣ ከጫማዎች ውስጥ ለቃቅሜ አገኘኋቸው። የጎደለችው የዶሮዋ ብቻ ናት። እሷን ለማስመለስ ግን መንገድ አልነበረም፤ ጊዜው ፍልሰታ ነው፣ ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ። እስከ ዐሥራ ስድስት ድረስ በእኛ ቤት እንኳን ዶሮ ሊታረድ እንቁላል አይሰበርም። ለአራት ቀን እንጨት ይዤ፣ የጣለችውን ሁሉ እየጫርሁ ከኋላዋ ዞርሁ። እናቴ ከቢሮ ስትመለስ እንዲህ ሳደርግ አገኘችኝና «ምነው፣ አሟታል እንዴ?» አለች።

«ሆዷን ነው መሰለኝ» አልኋት። ውሸት አልነበረም።

የቸኮልሁት ያለ ነገር አይደለም። የአባቴ ታላቅ እህት የእትዬ የሺ ልጅ ቡሬ ላይ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ ይሞላል። ክርስትና የምታነሣት እናቴ ናት። ቀሚሷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ተኩሳ፣ «ዶቃዬን አድርጌ ነው የማነሣት፤ የእናቴ በረከት ይድረሳት» ስትል ሰምቻታለሁ። ሁለት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ አለኝ ማለት ነው። እናቴ ቁጡ አይደለችም፤ ስታዝን ግን ዝም ትላለች። ያ ዝምታዋ ከልምጭ በላይ ያስፈራኛል።

ዶቃ መሰካት ቀላል መስሎኝ ነበር። ክር ክር ነው ብዬ ከእናቴ የስፌት ዕቃ ነጭ የመርፌ ክር አወጣሁ። ዶቃው ሰተት ሰተት እያለ ገባ። ጨርሼ ብድግ ሳደርገው ግርር ብሎ እንደገና አልጋ ሥር ገባ። ዶሮዋን ከዚያን ቀን ጀምሮ ውጭ ቆልፌባት ስለነበር አመሰገንሁ። ቀጥዬ ሲባጎ ሞከርሁ። ሲባጎ ማንም አይበጥሰውም፤ ጫፉን በምራቄ እያሾልሁ፣ በጥርሴ እያኘክሁ ግማሽ ቀን ብታገልም በአንድም ዶቃ ቀዳዳ አላልፍ አለ። ከዚያ ከማዳበሪያ ጆንያ አንድ ረጅም የላስቲክ ክር መዘዝሁ። ይሄስ ገባ፣ አልተበጠሰምም። ግን ቋጠሮ አይወድም። አምስት ጊዜ ቋጥሬ ዞር ስል፣ እንደ እባብ ተስቦ ራሱን ፈታ።

የፈረስ ጭራ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እትዬ የሺ ዝንብ የሚከላከሉበት ጭራ ነበራቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል ይባላል፣ አንድ ፀጉር አልረገፈም። ሠላሳ ዓመት ዝንብ የመታ ነገር ዶቃ አይከብደውም ብዬ ፈረድሁ። ደጃችን ላይ ደግሞ ቦራ የሚባል የጋሪ ፈረስ ቆሟል። ነጂው ዝናቡን ሸሽቶ ሻይ ቤት ገብቷል። ከፈረስ በስተኋላ እንደማይቆም የማያውቅ ልጅ በእኛ አገር የለም፤ እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጎን ላይ ቆሜ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። አንድ ፀጉር ስነቅል ቦራ ጭቃ በጠጣ ጭራው ፊቴን ዠለጠኝ። ሁለት ስጨምር ጋሪውን ይዞ ሄደ።

ጋሪው ላይ ሰው እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። ወፍራም ሴትዮ፣ ጥቁር ጥላ ዘርግተው ወደ ኋላ ዞረው ተቀምጠዋል።

«ኧረ ሰዎች! ነጅ የለንም! ወላሂ ነጅ የለንም!» እያሉ ይጮሃሉ።

ነጂው ከሻይ ቤቱ ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጭቃውን እያቦካን ሮጥን። ቦራ ግን መንገዱን ያውቅ ነበር፤ ገበያው ዳር ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ በራሱ ቆመ። ሴትዮዋ ጥላቸውን አጥፈው ቀስ ብለው ወረዱ። ከነጂው ይልቅ እኔን ነበር የሚያዩት።

«እጅሽን ክፈች» አሉኝ።

ከፈትሁ። ሦስት የፈረስ ፀጉር።

«ምን ልትሠሪበት ነው?»

ልዋሽ ነበር፤ ግን ትንፋሼ አጥሮኝ አልቻልሁም። «ዶቃ ልሰካበት» አልሁ።

ሴትዮዋ ሳቃቸውን ለቀቁት። እማማ ዘይነባ ነበሩ፤ ገበያው ውስጥ ሒና፣ መስታወት፣ ዶቃና ክር የሚሸጡት። ፈረሱ በጊዜ ካደረሰኝማ እንግዳዬ ነሽ ብለው ሱቃቸው አስገቡኝ። አንዲት ቢጫ ዶቃ ለናሙና ኪሴ ውስጥ ነበረች። ወደ ብርሃን አነሷት፣ በቀዳዳዋ አጮለቁ፣ ጠርዟን በጥፍራቸው ዳሰሱ።

«አየሽ፣ ክር የሚመረጠው በዓይን አይደለም፤ መጀመሪያ ቀዳዳውን ነው የምትጠይቂው። ይችማ የድሮ መስታወት ናት፤ አፏ እንደ ምላጭ ነው። የመርፌ ክርሽን የቆረጠችው እሷ ናት።»

ከዚያ ክሮቻቸውን አንድ በአንድ እያወጡ በእጄ አስጎተቱኝ። ላስቲኩ የሕፃናት አምባር ነው፤ «ይህን ሁሉ መስታወት ብትሰኪበት እምብርትሽ ድረስ ይወርዳል» አሉ። ናይለኑ አይበጠስም፤ ግን ተጠቅልሎ ስለኖረ አንገት ላይም ተጠቅልሎ ይቆማል፣ ቋጠሮው ደግሞ ይከዳል። የሐር ክሩ ያምራል፤ እሱ ለለመደ እጅ ነው። መጨረሻ ላይ ተራ የጥጥ ፈትል አነሡ።

«ለጀማሪ ይህ ነው። ግን ሰም መጠጣት አለበት። ሰሙ ክሩን ከጠርዙ ይጠብቀዋል፣ ቋጠሮውንም ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ጫፉም ስለሚደርቅ መርፌ አያስፈልግሽም። ሰም ከኔ የለም፤ ቅዳሜ ከገበያ አግኝቼ ቀብቼ እሰጥሻለሁ።»

ስለ ጎደለችው ዶቃም ስነግራቸው ከአንድ ጣሳ ውስጥ ቀይ የፕላስቲክ ዶቃ ፈልገው ሰጡኝ። «ይችን ከኋላ፣ ከማጅራት በኩል አድርጊያት። እና ስሚ፣ ለእናትሽ ንገሪያት።»

«እሺ» አልሁ። እሺ ማለት ምንም አይከብድም።

ይህን ሲነግሩኝ ቀኑ ሰኞ ነው። እስከ ቅዳሜ አምስት ቀን አለ። ስሜ ትዕግስት ቢሆንም አምስት ቀን ለእኔ ብዙ ነው። ደግሞስ ሰም የጠጣ የጥጥ ፈትል ለምን ከገበያ ይጠበቃል? እማማ ዘይነባ እስላም ስለሆኑ አላሰቡትም እንጂ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንት ዓመት ስናበራው የኖርነው ጧፍ ሌላ ምን ሆነና! ሰም የጠጣ ፈትል ነው። እኔ ራሴ ይህን በማግኘቴ በጣም ኮራሁ።

የጧፉ ምንጭ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። እትዬ የሺ ከእኛ ቤት ሦስት አጥር አልፈው ነው የሚኖሩት፤ ጥጡን ፈትለው፣ ሰሙን አቅልጠው ለደብሩ ጧፍ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ግራኝ ናቸው፤ እንዝርቱን በግራ እጃቸው ስለሚያሾሩት ክራቸው ከሰው ሁሉ ክር በተቃራኒ ነው የሚገመደው። ቤታቸው ግድግዳው ሳይቀር ሰም ሰም ይሸታል። ወገባቸውን ካመማቸው ዓመት አልፎታል፤ ሲሄዱ መሬት ላይ የጠፋ መርፌ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ልጃቸው ቡሬ ላይ ሁለት ቀን አምጣ በጭንቅ ስትወልድ፣ «እመቤቴ፣ ሁለቱንም ካተረፍሽልኝ በቁመቴ ልክ ጧፍ ለፍልሰታሽ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ሁለቱም ተረፉ። ጧፉም ተሠርቶ፣ ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ማክሰኞ ቅዳሴ ሲሄዱ «ቤቱን ጠብቂልኝ» ብለውኝ ሄዱ። ያን የሚያህል ጧፍ! ሦስት የእኔ ስንዝር ቢቀነስለት ማን ያውቃል? እመቤታችን በስንዝር ለክታ የምትቀበል አልመሰለኝም። በቢላዋ ቆረጥሁት። የቀረውን ጫፍ በትንፋሼ እያሞቅሁ፣ በጣቴ እያሸሁ እንደነበረው አሾልሁት። ቤቴ ገብቼ ከወሰድሁት ቁራጭ ላይ ሰሙን ላጥሁ፣ ክሩን ከፋፍዬ ሁለቱን ዘለላ አውጥቼ ያዝሁ። እማማ ዘይነባ እውነታቸውን ነበር። ዶቃው አንድ በአንድ እየተንሸራተተ ገባ፤ ቋጠሮውም አልተንቀሳቀሰም። ቀይዋን ፕላስቲክ ከማጅራት በኩል አደረግሁ። የበር እጀታ ላይ ሰቅዬ ጎተትሁት፣ ተንጠለጠልሁበት ማለት ይቻላል፤ ያዘ። ዶቃውን ቆርቆሮው ውስጥ መልሼ፣ የተላጠውን ሰም እያኘክሁ፣ ያን ቀን ዓለም ሁሉ ሰላም ሆነልኝ።

ነሐሴ ዐሥራ አምስት ከሰዓት በኋላ እትዬ የሺ አስጠሩኝ።

«ነይማ፣ ለኪኝ። ነገ የሚገባ ስለት ነው፤ ከቁመቴ እንዳያንስ።»

ዱካ ላይ አቆሙኝ፣ የጧፉን አንድ ጫፍ አናታቸው ላይ አስያዙኝ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጧፉ በጀርባቸው ወረደ፣ በወገባቸው ወረደ፣ ባታቸው ጋ ሲደርስ አለቀ። ሁለታችንም ወደ ታች አየን። በእሳቸው ስንዝር ሁለት ይጎድላል።

«ይህ ጧፍ እንዴት አጠረ?»

ጆሮዬ ጋለ። ምላሴ ከእኔ ቀድማ «እርስዎ አድገው ይሆናል» አለች።

ዞረው አዩኝ። የምመታ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ድምፅ ሲጠፋ ስከፍተው እትዬ የሺ በግራ እጃቸው ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አይ እንግዲህ!» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ ስለካ ጎብጬ ነበር እኮ። ጎብጬ ነው የለካሁት! ሰሞኑን ቅዳሴ ስቆም ቀለል ብሎኛል ስል አልነበረም? እመቤቴ፣ ልጄን አትርፊልኝ ስላት የኔንም ወገብ አየችልኝ!»

እልልታቸውን አቀለጡት። ያኔውኑ ፈትል አምጥተው፣ ሰም አቅልጠው ሁለት ስንዝር ቀጠሉበት፤ ስለቱ ሙሉ ሆኖ ገባ። እኔም በዚህ ተረፍሁ። ግን ነገሩ እዚያ አልቆመም። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቀጥ ብለው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በር በር ላይ ቆሞ አያቸው። «እውነትም ረዝመዋል» አለ አንዱ። «እኔማ ከሩቅ አላወቅኋቸውም» አለች ሌላዋ። እትዬ የሺ በየቤቱ እየተጠሩ ቁመታቸውን ተረኩ፤ በተረኩ ቁጥርም የበለጠ ቀጥ አሉ። አንዳንዴ እኔ ራሴ ያደጉ ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ደግሞ ቢላዋው ትዝ ይለኝና ምግብ አልበላ ይለኛል።

ቡሬ የምንሄድበት ቀን ደረሰ። እናቴ ለአራሷ የምትወስዳትን ዶሮ ስትመርጥ ገብስማዋን ያዘች።

«ገብስማዋ አትሄድም!» ብዬ ጮህሁ።

«አንች ልጅ፣ እንዲህ የምትወጃት ከሆነ ለምን ሁልጊዜ በእንጨት ታሳድጃታለሽ?» አለች እናቴ። ገብስማዋ እግሯ ታስሮ፣ ዶቃዬን ሆዷ ውስጥ ይዛ፣ እናቴም ሌሎቹን አንገቷ ላይ አድርጋ በአንድ መኪና ቡሬ ገባን።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕፃኗ ከውሃው ስትወጣ ጩኸቷ ደብሩን አናወጠው። እናቴ በነጠላ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ሕፃኗ እጇን ስታወናጭፍ ዶቃውን አገኘች። ጨበጠችው። ከዚያም ባለ በሌለ ጉልበቷ ወደ ታች ጎተተችው። የእናቴ አንገት ጎንበስ አለ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ቆሜ ነበር፤ በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ጸልዬ አላውቅም። ያ ዶቃ ቄሱ እግር ሥር ቢበተን፣ እናቴን የሚውጣትን ዝምታ ከወዲሁ እያየሁት ነበር። ሕፃኗ ግን ትጎትታለች። ቄሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ እስኪያላቅቁ ድረስ ተንጠለጠለችበት። ክሩ ያዘ።

ቤት ገብተን እንግዳው ተቀምጦ ሲጫወት፣ እናቴ አጠገብ የነበሩት ሴት «ሙሉ፣ ምን ተቀብተሽ ነው እንዲህ ጧፍ ጧፍ የምትሸችው?» አሏት። እናቴ አንገቷን አሸተተችና «እኔ እንጃ፣ ከቅዳሴው ነዋ» አለች፤ ደስም ያላት መሰለኝ። እትዬ የሺ ያኔ ጓዳ ውስጥ ዶሮዋን እየበለቱ ነበሩ።

ጥቂት ቆይተው ወጡ። እጃቸው እርጥብ ነው፤ የግራው ጭብጥ ብሏል። ወዲያ ወዲህ ሳይሉ ከእናቴ ጀርባ ቆሙ። «አንዴ፣ ነጠላሽን ላስተካክልልሽ» ብለው በቀኝ እጃቸው የዶቃውን ማጅራት አነሡ። ቀይዋን ፕላስቲክ ነካ አደረጓት። ከአጠገቧ ያለውን ቋጠሮ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሽከረከሩት፤ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ሴት የገዛ እጇን ፈትል ታውቃለች፤ እንኳን በተቃራኒ የተገመደውን። ቀና ሲሉ ቀጥታ እኔን አዩኝ።

መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። እጄን ከፍተው ታጥባ የጠራች ቀይ ዶቃ አስቀመጡበት። ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «ለካስ አላደግሁም» አሉ።

አልተቆጡም። ብቻ ዓይኔ እያየ ትከሻቸው ወረደ፣ ወገባቸው ታጠፈ፣ የድሮዋ እትዬ የሺ ሆኑ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከበጠስሁት ዶቃም፣ ከቆረጥሁት ጧፍም በላይ የቆጨኝ ያ ወገብ ነው። እንባዬ መጣ።

በዚያው ቅጽበት እናቴ ከወዲያ ማዶ፣ «እትዬ፣ እነሱ እኮ አልሰሙም፤ የቁመትዎን ነገር ይንገሯቸው እንጅ!» ብላ ጮኸች። የቡሬ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

እትዬ የሺ እንባዬን አዩት። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ አንዴ ቃተቱ፣ ወገባቸውን በግራ እጃቸው ያዙ፣ ቀጥ ብለውም ቆሙ።

«እውነት ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ስንዝር ጨመርሁ» አሉ። «ካላመናችሁ ይችን ልጅ ጠይቋት፤ የለካችኝ እሷ ናት።»

ሁሉም እኔን አየ። ዶቃዋን በጡጫዬ ጨብጬ፣ «ሁለት ስንዝር» አልሁ።